«ሹልክ አለ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ጉኑኖ ውስጥ አንድ ተማሪ ሳያስፈቅድ ከክፍል ሹልክ አለ እንበል። ይህን በእንግሊዝኛ ጻፉ ብትባሉስ? «አለ»ን «ሴድ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት፣ ልጁ መውጣቱ ቀርቶ ተናጋሪ ሆነ ማለት ነው!

በአማርኛ «ሹልክ» እና «ሹክ» ብቻቸውን ግስ አይሆኑም፤ «አለ» ያግዛቸዋል። «ዝም አለ» ስንል እንኳ የተናገረ ሰው የለም። ወላይትኛም «ማለት» በሚለው ግሱ እንዲሁ ያደርጋል፤ የቋንቋ ተመራማሪዋ አዜብ አምሃ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት አሳይተውታል። አማርኛ ሴማዊ፣ ወላይትኛ ኦሞአዊ ነው፤ ዘዴው ግን ተመሳሳይ።

እንግሊዝኛ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል፦ ሳይታዩ መሄድ «ስኒክ»፣ በሹክሹክታ መናገር «ዊስፐር»። እናም ከመተርጎማችሁ በፊት ጠይቁ፦ የተደበቀው እርምጃው ነው ወይስ ድምፁ?