ስማቸው ሳይጠፋ እንመዝግባቸው

በብዙዎቻችን ቤት ዓመት እስከ ዓመት የማይከፈት ሣጥን አለ። ውስጡ በነጠላ የተጠቀለለ የሠርግ ቀሚስ፣ የአያት በርኖስ፣ ሁለት ሦስት ሲኒ፣ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አይጠፋም። አያት በሕይወት እስካሉ ድረስ ሁሉም ባለታሪክ ነው። «ይህ አባታችሁ ያመጣልኝ ነው፤ ይቺ ደግሞ ታላቅ እኅቴ ናት» ይላሉ። እሳቸው ሲያልፉ ግን ዕቃው ይቀራል፣ ታሪኩ አብሯቸው ይቀበራል። ከተዝካር በኋላ ልጆች ሣጥኑን ከፍተው «ይቺ ማን ናት?» ሲባባሉ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የጎበኘ ሰው አልባሳቱንና የቤት ዕቃውን አይቷል። አንድን ዕቃ የሙዚየም ዕቃ የሚያደርገው ግን የተቀመጠበት መስታወት ብቻ አይደለም። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና የማን እንደነበረ የሚናገር መዝገብ ስላለው ነው። ይህን በትንሹ ቤታችን መሥራት እንችላለን። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ ሜትር፣ የስልክ ካሜራና ትዕግሥት ነው።

ለዕቃም ካርድ ይውጣለት

ዕድሜዬን በነርስነት አሳልፌያለሁ። ካርዱ የጠፋበት በሽተኛ ሲመጣ ምን ያህል እንደምንቸገር አውቃለሁ፤ ሰውየው ፊታችን ተቀምጦ ታሪኩ ግን የለም። ዕቃም እንዲሁ ነው።

በካርዱ ላይ የሚከተለውን ጻፉ፦ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ በሳንቲሜትር፣ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ የማን እንደነበረ፣ በመጨረሻም ይህን የነገረን ማን እንደሆነና መቼ እንደነገረን። የመጨረሻዋን መስመር አትዝለሏት። «ከጀርባው ተጽፎ አየሁ» እና «አክስቴ ነገረችኝ» እኩል ማስረጃ አይደሉም። ሁለት ዘመዶች የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱንም ጻፉ እንጂ አትዳኙ።

ቁጥሩ ቀላል ይሁን። ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ዓመቱን፣ ዕቃው በስንተኛው ርክክብ እንደመጣና ተራ ቁጥሩን በነጥብ ይለያሉ። 2017.1.4 ማለት በ2017 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ሣጥን የተመዘገበ አራተኛ ዕቃ ማለት ነው።

መጀመሪያ ፎቶግራፉ

የጋቢን አሠራር ሽማኔ አይቶ ይነግረናል። የሲኒን አገር ከግርጌው እናነባለን። በፎቶግራፍ ላይ ያለን ሰው ስም ግን ከሚያውቀው ሰው በቀር ማንም ባለሙያ አይነግረንም። ስለዚህ ሥራው ከፎቶግራፍ ይጀመር።

ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም እስከ አያት ጻፉ፤ ዝምድናቸውን፣ ቦታውንና ዓመቱን ጨምሩ። ዓመቱ ካልታወቀ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ»፣ «የበኩር ልጅ ሳይወለድ» ማለትም ይረዳል። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለበት ቅዱት። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። ከጀርባ ያለች አንዲት ማኅተም ከተማውንና ዘመኑን ልትጠቁም ትችላለች።

በፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ይሰርጋል። በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ ቁጥሩን ብቻ አስፍሩ። ፎቶው ከመስታወት ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፤ እንዳለ በስልክ አንሱት።

ቀጥሎ ልብሱ

ጋቢ አራት እጥፍ፣ ነጠላ ሁለት እጥፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መዝገቡ ከዚህ አልፎ ይጠይቅ። ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? የጥበቡ ቀለም ምንድን ነው? ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ለየትኛው ድግስ ተለበሰ?

ቁጥሩን በነጭ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ በሁለት ሦስት ላላ ያሉ ስፌቶች ጥግ ላይ አያይዙት። መርፌ ቁልፍና ስቴፕል ይዝጋሉ፣ ጨርቁንም ያበላሹታል። ፎቶ ሳይነሳ አይታጠብ፤ በረኪናም አይንካው። በአንድ መስመር ለዓመታት የታጠፈ ልብስ በዚያው መስመር ይሰነጠቃልና በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉት፤ ከፀሐይም አርቁት። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የተባለው እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል።

ብል የሚወደው ሱፍና ሐር ነው፤ ስለዚህ በርኖስና ካባ ቶሎ ቶሎ ይታዩ። ናፍታሊን ግን ሕፃናት ባሉበት ቤት አደገኛ ነው። ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ይችላሉ፤ የቀይ የደም ሴሎችንም ይሰባብራል። ናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስ ሳይታጠብና አየር ሳያገኝ ለጨቅላ መጠቅለያ አይሁን። ዲፕ ፍሪዘር ያለው ሰው የሱፍ ልብሱን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጎ ሁለት ሳምንት ቢያቆየው ብሉ ይሞታል።

ከዚያ የማዕድ ዕቃው

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። ለመዝገባችን ግን የነቃውም ዕቃ ነው፤ «አፉ ላይ ነቅቷል» ብላችሁ ጻፉ። ሳህንና ሲኒ ሲሆን ግርጌውን ገልብጣችሁ እዩ። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካለበት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ አገሪቱ በዚያ ስም የኖረችው በዚያ ዘመን ነውና። ማርትሬዛ ብር ላይ ያለው 1780 ግን አያታልላችሁ። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም ብሩ በዚያው ዓመት ምልክት ለብዙ ዘመን ተመትቷል።

የብር ዕቃን እስኪያብለጨልጭ መፈተግ ሽፋኑንና ጽሑፉን ይበላል። የጥንት ባለ ቀለም ሳህን ደግሞ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ይታይ እንጂ አይበላበት፤ በተለይ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ አይቅረብበት።

አረጋውያንን እንዴት እንጠይቅ?

ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ጠዋት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ብርሃን ባለበት ተቀመጡ። መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አቅርቡላቸው። በአንድ ቀን ከአምስት ዕቃ አትለፉ፤ ዕቃውንም በእጃቸው ይያዙት። ትናንት የበሉትን የረሱ ሰው የልጅነት ጎረቤታቸውን በስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ የቆየ ትዝታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። «ረሱት እንዴ?» አትበሏቸው፤ «እስቲ ስለዚች ይንገሩኝ» በሏቸው። ድምፃቸውን የምትቀዱት አስፈቅዳችሁ ይሁን። አንዱ ፎቶ የሞተ ልጅን ሐዘን ከቀሰቀሰ ደብተሩን ዝጉና አብራችኋቸው ተቀመጡ።

የልጅ ልጆች ይሳተፉ። አንዱ ያንሳ፣ አንዷ ትጻፍ። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ መሶብ ስንት ወር እንደፈጀ ከአያት አፍ የሰማ ልጅ ሞሶቡን እንደ ተራ ዕቃ አያየውም።

መዝገቡ ኑዛዜ አይደለም

ቤተሰብን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ዋጋው ሳይሆን «እናቴ ለእኔ ብላው ነበር» የሚለው ነው። ስለዚህ ምዝገባው ሁሉም ልጆች እያወቁ ይሁን። ማን ምን ይውሰድ የሚለው ሌላ ቀን፣ ሌላ ወረቀት ላይ ይሁን። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ ካለ ፎቶዎቹን ይላኩለት።

ዕቃው ራሱ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ግን ይታሰብበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል ወይም ሥዕል ያለው ቤተሰብ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ወይም የአካባቢውን የባህል ቢሮ ይጠይቅ።

ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። በዚህ እሑድ አምስት ፎቶግራፍ ብቻ አውጡና በቤተሰቡ በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጡት ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ጨርቁና ሲኒው እስከ ሌላ ሳምንት ይቆያሉ።