ጣሳው ይውረድ ወይስ ይቆይ?

በእስቴ ጠላ የሚሸጥበትን ቤት ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። መካነ ኢየሱስ ከተማም ሆነ ገጠር እንደዚሁ ነው። ከደጅ ረጅም እንጨት ይቆማል። በእንጨቱ ጫፍ ጣሳ ይደፋበታል። መንገደኛው ከሩቅ አይቶ ይገባል። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል።

ከተማሪዎቻችን መካከል ጠላ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። መጻፍ ሲጀምሩ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ፊደል ካወቅሁ ጣሳውን አውርጄ 'ጠላ አለ' ብዬ ልጻፍበት?» አሉኝ። እኔም ሳላስብ «ያውርዱት እንጂ!» አልኩ። ከጎናቸው የተቀመጡት አባት ሳቁ። «ጠጪው ሁሉ ተምሯል እንዴ? ጣሳው ከወረደ ጠላው ሊሆምጥ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ሰው ማንበብ በሚችልበት አገር እንኳ ነጋዴ ጣሳውን አላወረደም። ምሳሌ እንይ።

አይስክሬም የሚባል ጣፋጭ አለ። ወተትና ስኳር ተቀላቅሎ፣ እየተመታ በብርድ የሚረጋ ነው። እንደ ቀንድ በሾለ ስስ ብስኩት ላይ ተደርጎ ይበላል። ሻጮቹ ይህንኑ ቀንድ ከሰው ቁመት አስበልጠው ይሠሩና ከሱቃቸው ደጅ ያቆሙታል። አይበላም። የሚሠራው ከመስታወት ክርና ከሙጫ ነው፤ ዝናብ አያበላሸውም። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ ትዊስቲ ትሪት የተባለ ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ሱቁን ራሱን በአይስክሬም ቅርጽ ሠራው። ቁመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። ሻጩ ከውስጥ ሆኖ በመስኮት ይሸጣል።

ለምን እንዲህ ይደክማሉ? በመኪና የሚያልፍ ሰው ቆሞ አያነብም፤ ትልቁን ቀንድ ግን ከሩቅ ያየዋል። ሕፃን ደግሞ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። አባቱን እጁን ይዞ ይጎትታል።

በጃፓንም ኢዋሳኪ ታኪዞ የተባለ ሰው በ1932 በኦሳካ ከተማ ከሰም ምግብ እየሠራ ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀመረ። የምግቡ አምሳያ በመስኮት ይደረደራል። የጃፓንን ፊደል የማያውቅ እንግዳ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ቢሆን እንኳ፣ በጣቱ አሳይቶ ያዛል። እኔም እዚያ ብሄድ መሃይም ነኝ ማለት ነው።

የእኛ ጣሳ ግን በአንድ ነገር ይበልጣል። ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል። የአይስክሬሙ ቀንድ ዕቃው ቢያልቅም እዚያው ቆሞ ይጣራል። መብራት ጠፍቶ አይስክሬሙ ቢቀልጥም አይናገርም። ቀልጦ እንደገና የረጋ አይስክሬም ደግሞ ሆድ ሊያሳምም ይችላል። ታሽጎ የሚሸጥ ከሆነ መቼ እንደተሠራና እስከ መቼ እንደሚበላ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ሥዕሉን ሳይሆን ያንን ቁጥር ማየት ነው።

ጣሳም ቢሆን ዋጋ አይናገርም። እኒያ እናት ከጠጪ ጋር የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው። ጠጪው «ባለፈው እኮ በዚህ ዋጋ አልነበረም» ይላል። እሳቸው ብቅልና ጌሾ መወደዱን ይነግሩታል። እሱ አይሰማም። ሲመሽ ደግሞ ስንት ጣሳ እንደጠጣ ይረሳል።

ስለዚህ ጣሳው ቆየ። ከሥሩ ግን አንዲት ጣውላ ተመታች። በከሰል «ጠላ አለ» ብለው የአንድ ጣሳ ዋጋ ጻፉባት። «ጠ» ትንሽ ተንጋዳለች፤ ቁጥሩ ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል። በቤት ውስጥም ደብተር ይዘው የያንዳንዱን ጠጪ ጣሳ በጭረት ይቆጥራሉ።