የጁባ ሰዓት በኮምፒዩተር ሰዋስው

ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በመለሰ ጊዜ፣ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይቈጥር የነበረው የጁባ ሰዓት ተለየ፤ በኮር ዊሊያም ሰፈር ተቀምጦ ወደ አገር ቤት የሚደውል ኢትዮጵያዊም ዘመዱን ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅስ ልዩነቱን ማሰብ ግድ ሆነበት። ሰው እንዲህ ያለውን ለውጥ በአዋጅ ይሰማል፤ ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው፣ አርተር ዴቪድ ኦልሰን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ የጀመረው የዓለም የሰዓት ክልሎች መዝገብ ሲታረምለት ነው።

በዚህ መዝገብ የጁባ አንቀጽ አራት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው «ዞን» ብሎ ይነሣና «አፍሪካ/ጁባ» የሚለውን ስም፣ ቀጥሎም ከተማይቱ በፀሐይ ልክ ግሪንዊችን የምትቀድምበትን 2:06:28 አስፍሮ በ1931 ይዘጋል፤ ሁለተኛው በ2:00 ተነሥቶ እስከ 2000፣ ሦስተኛው በ3:00 ተነሥቶ እስከ 2021 ይደርሳል፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አራተኛው እንደገና 2:00 ይላል፤ ዛሬም የሚሠራበት ስለ ሆነ መዝጊያ ዘመን የለውም።

ዚክ የተባለው ፕሮግራም ይህን ጽሑፍ ሲቀበል በመጀመሪያ የሌክሰርን ሥራ ይሠራል፦ የብራና ጸሐፊ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ እንደሚለይ፣ እርሱም ባዶውን ቦታ ወሰን አድርጎ ቃላቱን ይለያል፤ ከ# ምልክት ወዲያ ያለውን ለሰው የተጻፈ ሐተታ ነው ብሎ ይተዋል፤ በትእምርተ ጥቅስ የታጠረውን ግን በመካከሉ ክፍተት ቢኖርም አንድ ቃል ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ አገባቡን መመርመር የፓርሰር ፈንታ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ከሦስተኛው መስመር መዝጊያ ዘመኑን ቢፍቅ፣ ሌክሰሩ አንዳች ነውር አያገኝም፤ የቀሩት ቃላት ሁሉ ደኅና ናቸውና። ፓርሰሩ ግን አንቀጹ በዚያ ተፈጸመ ይልና፣ ቀጥሎ በ2:00 የሚነሣው መስመር «ዞን»ም ሆነ ሌላ የታወቀ መነሻ ስለሌለው ስሕተት ነው ብሎ ያቆማል።

ሁለቱ ሥራዎች ሲደባለቁ የሚመጣውን ጣጣ በሌላው የታወቀ የማዋቀሪያ ቋንቋ፣ በያምል፣ ማየት ይቻላል። የያምል 1.1 ደንብ በሁለት ነጥብ የተያያዙ አኃዞችን፣ የምን አኃዞች እንደ ሆኑ ሳይጠይቅ፣ በስድሳ ቤት የተጻፈ ቍጥር አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ስለዚህ 2:06:28 ሲነበብ 7588 ይሆናል፤ በሰከንድ ቢቈጠር ልክ ነው። በዚያው ዓምድ ያለው 2:00 ግን 120 ይሆናል፤ ይህም በደቂቃ እንጂ በሰከንድ ልክ አይደለም፤ ሁሉን ሰከንድ ነው ብሎ የተቀበለ ፕሮግራም የጁባን ሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ያደርገዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የወጣው ያምል 1.2 ይህን ደንብ አስቀርቶታል፤ የዘገየ ቢሆንም የተገባ ነበር።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ላይብረሪ ለመሥራት የምትነሣ ወጣት ሆይ፣ ለሌክሰርህ ንባቡን ብቻ ስጠው፤ ትርጓሜውን ዓምዱ የምን እንደ ሆነ ለሚያውቀው ክፍል ተውለት፤ የእያንዳንዱንም ቃል መስመርና ቦታ ከቃሉ ጋር አስመዝግብ፤ «ስሕተት አለ» ብሎ የት እንደ ሆነ የማይናገር ፓርሰር ለማንም አይረባም።