ሳይገናኙ የቀሩ ቱቦዎች

የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ሐኪም ቤት ግን የምሩን ያረረ ቆሽት ይመጣል። ቆሽት በቀን ከ1 ሊትር በላይ ምግብ የሚያልም ፈሳሽ ያመነጫል፤ ይህ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ እዚያው ሲታቆርና ያለ ቦታው ሥራ ሲጀምር የሚያልመው ሥጋ የራሱን የቆሽቱን ይሆናል። ሕመሙ ከእንብርት በላይ ይነሳና ወደ ጀርባ ዘልቆ ይወጋል። በሽተኛው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲያቅፍ ትንሽ ቀለል ይለዋል።

የፈሳሹን መውጫ በሰው አካል ላይ ያሳየው ዮሐን ጆርጅ ቪርሱንግ ነው። በ1642 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ፓዱዋ፣ በሞት የተቀጣ ሰው አስከሬን ሲመረምር ቆሽቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቱቦ አገኘ። ምስሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ሊቃውንትን ጠየቀ። መልሱን ሳያገኝ በዓመቱ በጥይት ተገደለ። ዋናው ቱቦ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ቆሽት በማኅፀን ሲጀምር አንድ አይደለም። ከጽንሱ አንጀት ፊትና ኋላ ሁለት እምቡጦች ይወጣሉ። ትንሹ ከሐሞት ቱቦ ጋር እንደተያያዘ አንጀቱን ዞሮ ይመጣና በ7ኛው ሳምንት ግድም ከትልቁ ጋር ይዋሃዳል፤ ቱቦዎቻቸውም ይገጥማሉ። ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ግን ሥጋው ተዋህዶ ቱቦዎቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ያኔ አብዛኛው ፈሳሽ የሚወጣው ሳንቶሪኒ በተባለው አናቶሚስት ስም በሚጠራው ረዳት ቱቦና በጠባቧ ቀዳዳው ነው። የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ በአንድ ቤት አሸንዳ ይውጣ እንደ ማለት ነው።

ሆኖም እንዲህ ከተፈጠሩት አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቀን እንኳ ሳያማቸው ይኖራሉ። በምርመራ ወረቀት ላይ ስለታየ ብቻ በሽታ ነው ማለት ስሕተት ነው። ቀዳዳዋን በኢንዶስኮፒ ማስፋት ራሱ ቆሽቱን ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ ሳያም የሚነካ ነገር አይደለም።

አልፎ አልፎ ደግሞ ትንሹ እምቡጥ በወጉ ሳይዞር ቀርቶ አንጀቱን እንደ ቀለበት ይከበዋል። አጥብቆ ከያዘው አራሱ ልጅ የጠባውን ያስመልሳል፤ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የቆሽቱና የሐሞቱ ቱቦ አንጀቱ ግድግዳ ሳይደርሱ ቀድመው ሲገናኙ ነው። በዚያ ቦታ በር የሚዘጋ ጡንቻ የለም። የቆሽቱ ፈሳሽ ሽቅብ ወደ ሐሞት ከረጢት እየገባ ግድግዳውን ለዓመታት ይለበልባል፤ ካንሰር እስከማስከተልም ይደርሳል። በጃፓንና በሌሎች የምሥራቅ እስያ አገሮች በብዛት ይታያል። ሐኪሞች ካንሰሩ ሳይመጣ የሐሞት ከረጢቱ እንዲወጣ ይመክራሉ።

የቱቦዎቹን አካሄድ ያለ ቀዶ ጥገና የሚያሳይ የኤም.አር.አይ. ምርመራ አለ። የሐሞት ጠጠርም መጠጥም ሳይኖር ቆሽትዎ ደጋግሞ ከተቆጣ፣ «ቱቦዎቹ ታይተዋል ወይ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ።