ትሪፕስን ቀድሞ መጠበቅ

በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ጥጥ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ገበሬውን የምታስጨንቀው ተባይ ቁመቷ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የትምባሆ ትሪፕስ ይሏታል። ስሟ የትምባሆ ይሁን እንጂ ጥጥንም፣ ለውዝንም አትምርም።

ብርዱን ወራት የምታሳልፈው በማሳ ዳርና በጦም መሬት አረም ላይ ነው። አየሩ ሲሞቅ እዚያው ትራባለች። አረሙ ሲደርቅ፣ ወይም ገበሬው መሬቱን ለዘር ሲያዘጋጅ ሲያጠፋው፣ ክንፍ ያወጡት በነፋስ እየተነዱ ለምለም ፍለጋ ይበተናሉ። ያን ጊዜ ከአፈር ብቅ ያለ የጥጥ ቡቃያ ካለ ወዮለት!

ትሪፕስ የምትወደው ገና ያልተዘረጋውን፣ እጫፉ ላይ ተጠቅልሎ ያለውን ቅጠል ነው። ወግታ ትመጠዋለች። ቅጠሉ ሲዘረጋ የተመጠጠው ቦታ አብሮ ስለማያድግ ይቀደዳል፣ ይጨማደዳል፣ ዳሩም ወደ ላይ ይታጠፋል። እንግዲህ ገበሬው ዛሬ የሚያየው ጉዳት ከቀናት በፊት የደረሰ ነው፤ እሱን አይቶ መርጫ ማንሳት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ደግነቱ፣ ቡቃያው አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል (ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥሎ የሚወጣውን) ካወጣ በኋላ እምብዛም አትጎዳውም። ክፉው ጊዜ አጭር ነው።

ያን አጭር ጊዜ ቀድሞ ለማወቅ ነው በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪው ጆርጅ ኬኔዲና ባልደረቦቹ የትሪፕስ መተንበያ የሠሩት። በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ገበሬው ማሳው የት እንዳለና መቼ ሊዘራ እንዳሰበ ይነግረዋል፤ ፕሮግራሙ የአካባቢውን ሙቀትና ዝናብ ይዞ ተባይዋ መቼና ምን ያህል ሆና እንደምትበተን ያሰላል። ጎን ለጎንም ቡቃያው በዚያ አየር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ ይገምታል። አደጋው የሚከፋው ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው። ጥጥ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ብርድ ከያዘው በደካማ ዕድሜው ላይ ይቆይና ለተባይዋ ሲሳይ ይሆናል። ኃይለኛ ዝናብ ደግሞ ትሪፕስን ይቀንሳል።

አዘግይቶ የዘራ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፤ ግን በጣም ያዘገየ ምርቱን ያጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀኑን ከመግፋት ይልቅ መተንበያው አደገኛ ያላቸውን ማሳዎች ለይተው ይጠብቃሉ። ዘሩ አብዛኛውን ጊዜ በኢሚዳክሎፕሪድ ወይም በታያሜቶክሳም ታሽቶ ነው የሚመጣው፤ መድኃኒቱ የሚከላከለው ግን ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ትሪፕሷ እነዚህን መድኃኒቶች መልመዷ ታውቋል። በአደገኛው ማሳ ላይ፣ የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ሲወጣ፣ አሴፌት የተባለ መድኃኒት ይረጫል። ሳምንት ከዘገየ ጥቅሙ ያንሳል።

በእኔ ግምት የመተንበያው ትልቁ ውለታ አደጋው ዝቅተኛ በሆነበት ማሳ ርጭቱን ማስቀረቱ ነው። ያለምክንያት የተረጨ መድኃኒት ተባይ የሚበሉትን ነፍሳትም ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮችና ክሽክሽ ይፈላሉ፣ ገበሬውም ሁለተኛ ወጪ ውስጥ ይገባል።

ስሌቱ የተሠራው ለዚያ አገር አየርና ለዚያች ተባይ ነው፤ እንዳለ አምጥተው አዋሽ ሸለቆ ላይ ቢጠይቁት የሚሰጠው መልስ አይታመንም። እዚያው አገሩ ላይም ቢሆን የአየር ትንበያ ሩቅ አያይምና፣ መዝሪያው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ደግሞ ማየት ይመከራል። ከበቀለ በኋላም ማሳ መውረድ አይቀርም። ቡቃያውን ነቅሎ ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። የሚራገፉት ክንፍ ያላቸው ብቻ ከሆኑ አሁን የመጡ እንግዶች ናቸው። ክንፍ የለሽ፣ ፈዛዛ ቢጫ እጮች ከተገኙ ግን እዚያው ተፈልፍለው እያደጉ ነውና የዘሩ መድኃኒት አልያዘም፤ መርጫው በዚያው ሰሞን መነሳት አለበት።