ከሲኤምሲ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ፦ መርሕ በመንግሥታት መካከል

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የሲኤምሲ ሠፈር ስሙን የወረሰው፣ በራቬና ከተማ ግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች በኅብረት ካቋቋሙት የኢጣልያ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ነው፤ በሠፈሩ መካከል የሚያልፈው ቀላል ባቡር ደግሞ በአመዛኙ በቻይና ብድር ተሠርቶ፣ ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲና በመገናኛ በኩል፣ የአፍሪካ አዳራሽ ባለበት በእስጢፋኖስ አጠገብ አልፎ ወደ ሜክሲኮ አደባባይና ወደ ጦር ኃይሎች ይዘልቃል። በዚህ መስመር ዕለት ዕለት የሚመላለሰው ሰው ልብ ሳይለው ይቀር ይሆናል እንጂ፣ አገራችን ባለፉት መቶ ዓመታት የተሟገተችላቸውና የተፈተነችባቸው መርሖች በየፌርማታው አቅራቢያ ምልክታቸውን ትተው አልፈዋል።

መርሕ ስንል፣ አንድ መንግሥት በሚጠቅመው ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሚጎዳውም ጊዜ ሊጠብቀው አስቀድሞ በቃል ኪዳን ራሱን ያሰረበትን ደንብ ማለታችን ነው። በመንግሥታት መካከል ጥቅም እንጂ መርሕ የለም ብለው የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ማስረጃ አድርገውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት የኛኑ የ1928 ዓ.ም. መከራ ነው። እኔ ግን ያ ታሪክ እስከ መጨረሻው ቢነበብ ተቃራኒውን ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ፣ በማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 10 የአባል አገሮች የግዛት አንድነትና ነጻነት እንደሚከበር፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ጦርነት የሚያነሣ መንግሥት በአባላቱ ሁሉ ላይ እንደ ዘመተ እንደሚቈጠር ተጽፎ ነበር፤ እርሷም በበኩሏ የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበርና፣ መርሑ ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሷንም የሚያስር መሆኑን ተቀብላ ነው የገባችው። ኢጣልያ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሳ በገባች ጊዜ ማኅበሩ ወራሪነቷን መሰከረ፤ ኅዳር 8 ቀንም ሃምሳ ያህል መንግሥታት የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላት፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ሸቀጧም እንዳይገዛ የሚያዝ ቅጣት በሥራ ላይ አዋሉ። ነገር ግን የጦር መኪናውንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ዝርዝር ውጭ ቀረ፤ የወራሪው ሠራዊትና ስንቅ የሚተላለፍበት የስዊዝ ቦይም ሳይዘጋ ከረመ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ሲሉ አንቀጹን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ይፈቱት ነበር፤ በኅዳር ወር መጨረሻም ሚኒስትሮቻቸው ሆርና ላቫል ሰፊውን የኢትዮጵያ ግዛት ለወራሪው የሚያካፍል ዕቅድ አዘጋጅተው ተገኙ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው በአማርኛ ባሰሙት አቤቱታ፣ ነገሩ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትናንሽ አገሮች ሁሉ ዋስትና መሆኑን አመለከቱ፤ ማኅበሩ ግን በሐምሌ ወር ቅጣቱን አነሣ።

እንግዲህ እዚያ ላይ የወደቀው ምንድር ነው? በእኔ አስተያየት የወደቀው መርሑ ሳይሆን ስለ መርሑ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ የነበረው ሰው ቍጥር ነው። ሁሉም አልካዱምና፤ ሜክሲኮ ወረራውን በሕጋዊነት አልቀበልም ብላ ጸናች፤ መልእክተኛዋ ኢሲድሮ ፋቤላም በጄኔቫ ስለ ኢትዮጵያ ይሟገቱ ነበር። በልደታና በለገሃር መካከል ያለው አደባባይ በእርሷ ስም መጠራቱ፣ በሜክሲኮ ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ መኖሩ የዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው።

በጄኔቫ የተገፋው መርሕ ከ11 ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነጻነት አከበረች፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል፣ የዘረፈችውንም ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተፈረደባት። የካሳው ገንዘብ ዘግይቶ የቆቃ ግድብ ሆነ፤ የአክሱም ሐውልት ግን በ18 ወር መመለሱ ቀርቶ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ሮም ቈየ። ሆኖም ከተመለሰ በኋላ ወደ ኋላ ስናይ፣ ግማሽ ምእተ ዓመት ሙሉ የአገራችን መልእክተኞች በእጃቸው የያዙት ጦር ሳይሆን ያንን የውል አንቀጽ እንደ ነበር ልብ ልንል ይገባል። የኢጣልያ ግንበኞች ማኅበርም በሠፈራችን ስሙን እስኪተው ድረስ በሰላም ሊሠራ የቻለው፣ በደሉ በውል ተመዝግቦ ካሳው ከተፈረደ በኋላ ነው።

በአፍሪካ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የመንግሥታትን እኩልነት፣ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትንና የግዛት አንድነትን ማክበርን በመርሕነት አጽንቷል። ኢትዮጵያና ላይቤርያ ከዚያ ቀደም በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ስለ ናሚብያ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ.ም. ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱን ሳይቀበል ቢቀርም፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በተከታዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካን የአስተዳደር ሥልጣን ሰረዘ። ይኸው ጣልቃ ያለመግባት መርሕ ግን ክፉ ጥላም ነበረው፤ ሕዝቡን ለሚፈጅ ገዥ መጠለያ ሆኖ በርዋንዳ ስለ ታየ፣ በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግ በዘር ማጥፋትና በመሰል ወንጀሎች ጊዜ ኅብረቱ ጣልቃ ይገባ ዘንድ ሥልጣን ሰጠው። መርሕ በፈተና መታረሙ ከመሻሩ የተለየ ነገር ነው።

የዛሬው ፈተና ደግሞ በንዋይ በኩል መጥቷል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ሲፈጅ፣ 85 በመቶውን ያበደረው የቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ዓ.ም. አገሪቱ በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበድራ ነበር። ዕዳው በከበደ ጊዜ ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የቡድን 20 አገሮች ባቋቋሙት የጋራ ማዕቀፍ እንዲሸጋሸግላት ጠየቀች፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የቦንዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ስትለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለማሸጋሸግ በመርሕ ደረጃ ተስማማ።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው መርሕ የአበዳሪዎች እኩል አያያዝ ይባላል። አምስት ሰዎች ለአንድ ጎረቤት ካበደሩ፣ አራቱ ራርተው ቢያራዝሙለትና አምስተኛው ሳይቀነስ ልከፈል ቢል፣ የአራቱ ርኅራኄ ተበዳሪውን ሳያሳርፍ የአምስተኛውን ኪስ ይሞላል፤ ስለዚህ መንግሥታቱ እኛ የምንሸከመውን ያህል ቦንድ የያዙትም ይሸከሙ ይላሉ። እጅግ ትክክለኛ መርሕ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የጐደለ አንድ ነገር አለ። በጉባኤው አበዳሪዎች እርስ በርሳቸው ሲመዛዘኑ፣ በዶላር መወደድ የዘይትና የመድኃኒት ዋጋ የናረበት ቤተ ሰብ የተሸከመው ድርሻ ከማን ጋር እንደሚመዘን አልተጻፈም። ጣልቃ ያለመግባት መርሕም በብድር ውል ላይ ሲውል ምሥጢር መጠበቂያ ሊሆን አይገባውም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሕዝብ በገዛ ውሉ ላይ ባዕድ አይደለምና፣ ወለዱን፣ የመክፈያውን ዘመንና መያዣውን ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል። ኢትዮጵያ በጄኔቫ ኃያላኑን ቃላችሁን ጠብቁ ብላ የጠየቀችበት አንደበት፣ በዕዳው ጉባኤም ለአበዳሪዎቿ እኩልነትን፣ ለሕዝቧም ግልጽነትን አንድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል።