ልጅቷስ?

ሥራዬ የሚጀምረው ከተማችን ሞርሲቶ ስትተኛ ነው። ቀን ባጃጁ፣ ወፍጮ ቤቱና የጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ስላሉ ማይክ ማብራት አይታሰብም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መብራት ካለ እቀመጣለሁ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። ወንዱንም ሴቷንም፣ ገዳዩንም ሟቹንም ሆኜ በአማርኛ የምናገረው እኔው ነኝ። ትርጉም ፊልም የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰዉ በፍላሽና በሚሞሪ እያስጫነ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

አንድ ፊልም ከእጄ ከመውጣቱ በፊት ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳያለሁ። ቡና ይፈላል፣ ፊልሙ ይከፈታል፣ እኔ ግን የምመለከተው ሰዎቹን ነው። ትርጉሙ የተጣመመበትን ቦታ ፊታቸው ይነግረኛል። አማርኛው የሚፈጥንባቸው ትልልቅ ሰዎች ሲኖሩ አጠገባቸው ተቀምጬ በአካባቢያችን ቋንቋ፣ በሀዲይሳ፣ አንሾካሽክላቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ከእነዚያ ምሽቶች ስላገኘሁት ነገር ነው፤ ስለ አውሮፓ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችና ሆሊውድ መልሶ ስለሠራቸው ቅጂዎች። መጨረሻቸውን ሳልናገር ልጽፍ አልችልም፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው መጨረሻው ላይ ነውና።

በ1988 ጆርጅ ስላውዘር የተባለ የኔዘርላንድ ዳይሬክተር «ስፖርሎስ» የሚል ፊልም ሠራ (የፊልሞቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩ ከቲም ክራቤ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ሬክስና ሳስኪያ የተባሉ ጥንዶች ለዕረፍት በፈረንሳይ መንገድ ሲጓዙ ነዳጅ ማደያ ላይ ይቆማሉ። እሷ የሚጠጣ ነገር ልትገዛ ትገባለች። አትመለስም። ጩኸት አልተሰማም፣ ደም አልታየም፤ ሰው በሚተላለፍበት ጠራራ ፀሐይ አንዲት ሴት ጠፋች። ሦስት ዓመት ያልፋል። ሬክስ ዛሬም ይፈልጋታል፤ ሌላ ሴት ወዷል፣ ግን አብሯት እያለም ልቡ ያለው ማደያው ላይ ነው። የወሰዳት ሰው ሬሞን ለሞርን ይባላል፤ የኬሚስትሪ መምህር፣ ትዳሩን አክባሪ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት። በመጨረሻ ራሱ ይመጣና ምርጫ ያቀርባል፦ የደረሰባትን ማወቅ የሚቻለው እሷ ባለፈችበት በማለፍ ብቻ ነው። ማደንዘዣ የገባበት ቡና ይሰጠዋል። ሬክስ ያመነታል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይጠጣል። ሲነቃ ከነሕይወቱ በሳጥን ውስጥ ተቀብሯል። በእጁ ያለው የላይተር እሳት ብቻ ነው። የሚያድነው ሰው አይመጣም።

«ስፖርሎስ» በቋንቋቸው ደብዛ የሌለው እንደ ማለት ነው። እኔም በአማርኛ «ደብዛዋ» አልኩት። ደብዛው ጠፋ የሚለው ቃል በእኛ አካባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማያውቅ ልንገር። ከሆሳዕና፣ ከሞርሲቶ፣ ከዱራሜ ወጣቱ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። የደረሰው ይደውላል፣ ገንዘብ ይልካል፣ ለወላጆቹ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል። ያልደረሰውስ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነገረ። በዚያ ሰሞን በሰፈሬ ስልካቸውን ከደረታቸው ሳያነሱ የሰነበቱ እናቶችን አይቻለሁ። ሞቱ ከተሰማ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ዕድር ድንኳን ይተክላል። ደብዛው ለጠፋ ልጅ ግን ድንኳን አይተከልም።

«ደብዛዋ»ን ያሳየሁ ዕለት ከተመልካቾቹ አንዷ ልጃቸው ከቤት ከወጣ ስምንት ዓመት የሞላቸው እናት ነበሩ። የመጨረሻ ስልኩ ከታንዛኒያ ነው። ፊልሙን ከመክፈቴ በፊት ታሪኩን ነግሬያቸው ይቅርብዎት ብላቸውም እንቢ ብለው ተቀመጡ። ሬክስ የቡናውን ኩባያ ሲያነሳ ወጣቶቹ «አትጠጣ! አትጠጣ!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ በሀዲይሳ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔም እጠጣው ነበር ልጄ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የገባኝን ከዚያ በፊት ከአሥር ጊዜ በላይ ሳየው አልገባኝም ነበር። ሬክስን ሞኝ አድርጌ ነበር የምተረጉመው። ድምፄ ውስጥ «ምን ነካው?» የሚል ነገር ነበረበት። በማግሥቱ ማታ የቡናውን ትዕይንት ከመጀመሪያው እንደገና ቀዳሁት፤ ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልፈርድበት።

አሁን ወደ ቅጂው። ይኸው ስላውዘር በ1993 አሜሪካ ሄዶ የራሱን ፊልም በእንግሊዝኛ መልሶ ሠራው፤ «ዘ ቫኒሺንግ» ብሎ። ኪፈር ሰዘርላንድ ፈላጊው፣ ጄፍ ብሪጅስ ጠላፊው፣ ሳንድራ ቡሎክ የጠፋችው ናት። ማደያውም፣ ቡናውም፣ ሳጥኑም አሉ። ነገር ግን አዲሷ ፍቅረኛ፣ ናንሲ ትራቪስ የተጫወተቻት ሪታ፣ ደርሳ ከመቃብር ታወጣዋለች። ክፉው ሰው በአካፋ ተመትቶ ይሞታል። መዝጊያው ላይ ሁለቱ ፍቅረኞች ምግብ ቤት ተቀምጠዋል፤ የደረሰባቸው ሁሉ መጽሐፍ ሆኖ ሊሸጥ ነው፤ አስተናጋጁ ቡና ይቅረብ ወይ ሲላቸው ሁለቱም አንፈልግም ይላሉ። ተመልካቹ እንዲስቅበት የገባ ነው።

ይኸንንም በሳምንቱ ለእነዚያው ጎረቤቶቼ አሳየሁ። አካፋው ሲያርፍ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ምግብ ቤቱ ላይም ሳቁ። እኚያ እናት ሁሉም እስኪወጣ ጠብቀው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ እማማ?»

«የጠፋችው ናታ።»

መልስ አልነበረኝም። ቅጂው የተሠራው ፈላጊውን ለማትረፍ ነው፤ እሱ ከተረፈ በኋላ የተፈለገችው ትረሳለች። በመጀመሪያው ፊልም ሳስኪያ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ እምብዛም ባትታይም እስከ መጨረሻው ምስል ድረስ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። የሬክስ መጨረሻ ዘግናኝ ነው፤ ግን እሷን የሚያገኝበት ብቸኛው ቦታ እዚያ ነው። በሁለተኛው ፊልም እሷ ታሪኩን ለማስነሳት የገባች ሰበብ ሆና ቀረች። የፊልም ሐያስያን ይኸን ቅጂ ሲነቅፉ ብዙ ጽፈዋል፤ የእኚያን እናት አንድ ቃል የሚያህል ግን አላነበብኩም።

ሁሉም ቅጂ እንዲህ ነው አልልም። «ኢንሶምኒያ»ን ውሰዱ። በ1997 ኤሪክ ሾልድቢያርግ ኖርዌይ ውስጥ፣ በ2002 ክሪስቶፈር ኖላን በአሜሪካ የሠሩት ነው። በሁለቱም ፀሐይ በማትጠልቅበት ሰሜን አንድ መርማሪ ፖሊስ በጭጋግ ውስጥ የሥራ ባልደረባውን ተኩሶ ይገድላል፣ ከዚያም ጥፋቱን ይደብቃል፣ እንቅልፍም ያጣል። (ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ በምትገባበት አገር ይኸን ማስረዳት ቀላል አልሆነልኝም፤ «ሌሊት የለም እንዴ?» ይሉኛል።) ልዩነታቸውን የሚያሳይ አንድ ውሻ አለ። ሁለቱም ፖሊሶች ማስረጃ ለመቀየር ሥጋ ውስጥ ገብቶ የወጣ ጥይት ያስፈልጋቸዋል። ስቴላን ስካርስጋርድ የሚጫወተው የመጀመሪያው ፖሊስ በሕይወት ያለ ውሻ ይገድላል። አል ፓቺኖ የሚጫወተው ሁለተኛው የሞተ ውሻ አግኝቶ በሬሳው ላይ ይተኩሳል። አሜሪካኖቹ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ እንድንጠላው አልፈቀዱም። መጨረሻው ላይም ፓቺኖ ይሞታል፣ ወጣቷን ፖሊስ ከእሱ ስህተት እንድትርቅ አደራ ብሎ። ስካርስጋርድ ግን ማንም ሳይይዘው መኪናውን ነድቶ ይሄዳል፤ ጨለማ ውስጥ የሚቀሩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። የኖላን ፊልም ጥሩ ፊልም ነው። የጸጸት ታሪክ አድርጎታል፣ ጸጸቱንም በደንብ ሠርቶታል።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ጥፋት እዚህ ላይ ልናገር። የኖርዌዩን በተረጎምኩበት ጊዜ ፊልሙን የሚያከፋፍልልኝ ሰው መጨረሻው ሰው ያስከፋል፣ አንድ ነገር አድርግ አለኝ። የመጨረሻው ትዕይንት ንግግር የለውም። ዝምታው ላይ ደርቤ በራሴ ድምፅ «ወደ አለቆቹ ሄዶ ጥፋቱን ሊናገር ነው» አልኩ። ሰባት ቃል የማትሞላ ዓረፍተ ነገር። ሆሊውድ በብዙ ገንዘብ የሚያደርገውን እኔ በአንዲት ማይክ አደረግሁት። አንድ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዋናውን በላፕቶፑ አይቶ መጥቶ «ይኸ ከየት መጣ?» ሲለኝ አፈርኩ። የታረመውን ቅጂ አዘጋጅቼ የቀድሞውን ለወሰዱት ሁሉ በነፃ ጫንኩላቸው። ያላገኘኋቸው ግን አሉ፤ እነሱ ዛሬም ያ ፖሊስ የተናዘዘ ይመስላቸዋል።

አሜሪካኖች ለምን መልሰው ይሠራሉ? አንዱ ምክንያት ተመልካቻቸው ከሥር የሚያልፍ ጽሑፍ እያነበበ ፊልም ማየት አይወድም መባሉ ነው። እኛ ሌላ መንገድ ለምደናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ሴት በአማርኛ ስታለቅስ ማንም አይገርመውም። ታሪኩ ከነሰዎቹ፣ ከነአገሩ ይመጣል፤ የሚቀየረው አንደበቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ቅጂውን የግድ የምንፈልግበት ምክንያት የለም። ኦስትሪያዊው ሚካኤል ሀነከ የ1997ቱን «ፈኒ ጌምስ» በ2007 በእንግሊዝኛ ሲሠራ ትዕይንት በትዕይንት ያለ ለውጥ ነበር፤ ቋንቋው ብቻ ከሆነ ችግሩ መጨረሻውን መንካት እንደማያስፈልግ በዚያ ታይቷል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የቅርብ ጊዜው ነው። በ2022 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ታፍድሩፕ የሠራው «ስፒክ ኖ ኢቭል» በጣልያን ዕረፍት ላይ የተዋወቁ ሁለት ቤተሰቦች ታሪክ ነው። ኔዘርላንዳውያኑ ዴንማርካውያኑን ቤታቸው ይጋብዛሉ። እንግዶቹ ገና በመጀመሪያው ምሽት ነገሩ ደስ አይላቸውም። ሥጋ የማትበላዋን ሴት ሥጋ ያጎርሷታል። የእንግዶቹን ሴት ልጅ ጋባዦቹ ያዟታል። አንድ ሌሊት ተደብቀው ይወጣሉ፤ የልጅቷ መጫወቻ ጥንቸል ተረስቶ ይመለሳሉ፣ ቆዩ ሲባሉም ይቆያሉ። በመጨረሻ ልጃቸው ምላሷ ተቆርጦ ትወሰዳለች፤ ወላጆቿ ሳይታገሉ በድንጋይ ተወግረው ይሞታሉ። በ2024 ጄምስ ማካቮይ በተጫወተበት የአሜሪካ ቅጂ እንግዶቹ ተዋግተው ያመልጣሉ።

ፈረንጆች ይኸን ፊልም ሲያብራሩ ስለ ጨዋነት ረጅም ሐተታ ይጽፋሉ። አማርኛ አንድ ቃል ይበቃዋል፦ ይሉኝታ። ፊልሙን ለጎረቤቶቼ ሳሳይ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንድ ሽማግሌ ገና አጋማሹ ላይ «ሰው ቤት ገብቶ ልሂድ ማለት እንዴት ይቻላል» ብለው ተጨነቁ። የቀረበልንን ምግብ ነውር እንዳይሆን የበላን፣ ልጃችንን ሲቆጡብን ባለቤቱ እንዳይከፋው ዝም ያልን፣ ደላላው የዘመድ ልጅ ስለሆነ ብቻ ወንድማችንን አትውሰድ ለማለት ያፈርን ሰዎች ነን። ያ መጨረሻ ለእኛ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር። ቅጂው ላይ ወላጆቹ ሲያመልጡ ማስጠንቀቂያውም አብሮ አመለጠ።

አማርኛ ከሌላ ቋንቋ ወስዶ በራሱ ወግ ለሚሠራ ድርሰት ውርስ ትርጉም የሚል ስም አለው። ስሙን እወደዋለሁ። ወራሽ መለወጥ ይችላል። እናቶቻችን እንሰትን ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ሥሩንም ቅጠሉንም ይከረክማሉ፤ እምብርቱን፣ አምቾውን፣ ግን አይነኩም። የሳስኪያ ታሪክ አምቾው አለማወቅ ነው። የዴንማርኩ ይሉኝታ ነው።

አሁን ሥራዬን እንዲህ ነው የማደርገው። «ስፖርሎስ»ን ለሚጠይቀኝ ሁለቱንም በአንድ ፍላሽ ላይ እጭናለሁ፤ ዋጋው የአንዱ ነው። መጀመሪያ የ1988ቱን እዩ። ከቤታችሁ ስልኩ የሚጠበቅ ሰው ካለ ግን ብቻችሁን አትዩት።